የሀቢሶ ጊታር ስንት ጊዜ ይወሰዳል

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ የተቀደደ ስፒከር ነው።

ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ በየመንገዱ በተበተነ ጊዜ፣ በአንድ የጦር ክፍል ኦርኬስትራ ውስጥ ይጫወት የነበረ ወታደር ሆሳዕና አውቶቡስ ተራ ደርሶ ቀይ ኤሌክትሪክ ጊታርና አንድ አምፕሊፋየር ለገዢ አቀረበ። አምፕሊፋየሩ በጭነት መኪና ላይ ከእህል ጆንያ ጋር ሲንገላታ ስለ ሰነበተ የስፒከሩ ወረቀት ከዳር እስከ መሀል ተቀዶ ነበር። ገዢው ሀቢሶ ነው፤ የአጥቢያው መዘምራን አባል፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ አባቱ ለእርሻ ያሰበለትን ወይፈን ነድቶ ገበያ የወሰደ ጎረምሳ። ወይፈኑ ሄደ፣ ጊታሩ መጣ። አባቱ ጊታሩን ዞሮ ካየው በኋላ «ይህ ምን ያርሳል?» ብሎ ወጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን ስፒከሩን ያስጠግናል። ሀቢሶም አስቦ ነበር፤ መጀመሪያ ግን ሰካውና ነካው። የወጣው ድምፅ በቆርቆሮ ጣራ ላይ በረዶ ሲወርድ ዓይነት ነው። ይሻክራል፣ ያገሳል፣ ክሩን ነክተህ ብትተወውም እየተንቀጠቀጠ ይቆያል። ሀቢሶ ደጋግሞ ነካው። ከዚያ በኋላ ስለ ጥገና አልተነሳም። «የእኔም ጸሎት እንዲህ ነው የሚወጣው» አለ፤ ከእሱ አፍ ከወጡት ረጃጅም ንግግሮች አንዱ ይኸው ነው።

በዚያ ዘመን የመዝሙር ካሴት ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ ክሩ ሽሽ ይላል፤ ቀጥሎ አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠርግና «ሰላም ለእናንተ ይሁን» ይላል፤ ቀጥሎ የመክፈቻ ጸሎት፤ ቀጥሎ አኮርዲዮን። ሀቢሶ የአክስቱን ጎተራ ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ በአንድ ቴፕና በአንድ ማይክሮፎን የቀዳው ካሴት ግን በጊታር ይጀምራል። ሰላምታ የለ፣ ጸሎት የለ። ጊታሩ ብቻውን፣ ሰሚው «በቃ ተበላሽቷል» ብሎ ቴፑን ሊያጠፋ እጁን እስኪዘረጋ ድረስ ይጮኻል። ከዚያ የሀቢሶ ድምፅ ከሥሩ ቀስ ብሎ ይወጣል።

ካሴቱ ከቴፕ ወደ ቴፕ እየተገለበጠ ዱራሜ ደረሰ፣ ሶዶ ደረሰ፣ አርባ ምንጭ ደረሰ። የየአጥቢያው ጎረምሳ ያንን ድምፅ ለማግኘት የአባቱን ሬዲዮ ስፒከር በምላጭ ይቀድ ጀመር። እናቶች አለቀሱ፤ ሬዲዮ ጠጋኞች ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ሽማግሌ ከተሰበሰበ ደግሞ ያለ ውሳኔ አይነሳም፤ ወንበሩ ይታዘበዋል።

«ይህ ድምፅ ከየት ነው የሚወጣው?» ተብሎ ተጠየቀ።

«ከስፒከሩ።»

«ስፒከሩስ ከየት መጣ?»

«ከጦሩ።»

«ጦሩስ የማን ነበር?»

«የደርግ።»

ከደርግ እስከ ሰይጣን መንገዱ አጭር ስለ ነበር ጉባኤው በጊዜ ተነሳ። ጊታሩ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ተቆለፈበት። ሀቢሶ ከቅዱስ ቁርባን ታገደ፤ በእሑድ ጉባኤ ፊት ቆሞም ይቅርታ ጠየቀ። ካሴቶቹን ቤት ለቤት እየዞረ የለቀመው ምሕረቱ የሚባል የወጣቶች ኅብረት ጸሐፊ ነበር። ይህን ስም ያዙት፤ ይመለሳል። የተለቀሙት ካሴቶች አልተቃጠሉም፤ ምእመኑ ቆጣቢ ነው። በላያቸው ስለ ትሕትና የተሰበከ ተከታታይ ስብከት ተቀዳባቸው። እስከ ዛሬ በየቤቱ ያሉት የዚያ ስብከት ካሴቶች፣ ሰባኪው ትንፋሽ ሲስብ ከኋላ የሚያገሳ ነገር ይሰማባቸዋል ይባላል። ሰው መቼም ያወራል።

አንዲት ካሴት ቀረች። ከመዘምራኑ አንዷ የነበረችው ኤርጎጌ፣ ምሕረቱ ሲመጣ ካሴቷን ድንች ቅርጫት ውስጥ ቀብራ «የለኝም» አለችው። በኋላም ማንም ሌላ ነገር እንዳይቀዳባት ከጀርባዋ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች በቢላ ጫፍ ሰበረች። ሀቢሶ ያገባት በዚህ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። ሌላ ምክንያት ቢኖረውም አልተናገረም።

ወደ ጆሃንስበርግ የመጡበትን መንገድ ጀፕ በሚባለው የሐበሻ ገበያ ጎዳና ላይ የሚነግድ ሁሉ ያውቀዋል፤ አብዛኛው በእግሩ ያውቀዋል። ሀቢሶ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ስፓዛ የምትባል ትንሽ ሱቅ ከፈተ፤ ተዘረፈ። እንደገና ከፈተ፤ እንደገና ተዘረፈ። በመጨረሻ ከሚስቱ ጋር ትሮይቪል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ጀፕ ላይ ብርድ ልብስ ይሸጥ ጀመር። ጊታር ግን አልነካም። «ለምን?» ያለው ሰው የለም፤ ከጎረቤቶቹ ጊታር መቺ እንደ ነበር የሚያውቅ አልነበረማ። ካሴቷ ከአልጋው ራስጌ፣ ከፓስፖርትና ከጥገኝነት ወረቀት ጋር በአንድ ከረጢት ትኖር ነበር። ማጫወቻ አልነበራቸውም።

ቤተ ክርስቲያናቸው ከጅምላ መደብሮቹ በላይ፣ ሊፍቱ ከሞተ በቆየ ፎቅ ላይ ናት። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ምሕረቱ! አሁን ሽማግሌ ምሕረቱ፤ መነጽር፣ ክራቫት፣ ሁለት የብርድ ልብስና አንድ የመጋረጃ ሱቅ። ጊታር የሚመታው ደግሞ እዮኤል ነው፤ በአዘቦት ቀን አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሥራ የሚሠራ፣ በጥሩ መኪና የሚመጣ፣ የሚዲያ ክፍሉም ኃላፊ የሆነ ትሑት ሰው። እሑድ እሑድ እዮኤል አንዲት የምትሻክር መግቢያ ይመታል፤ ጉባኤው ይዘላል፤ ሽማግሌ ምሕረቱም ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ይነቀንቃል። ያ አንገት ሆሳዕና ላይ በሌላ አቅጣጫ ነበር የሚነቀነቀው።

ሀቢሶ የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ለዓመታት ሰማ። አንድ እሑድ እዮኤል ሻይ ሲጠጣ ተጠጋው።

«ወንድም እዮኤል፣ ያቺን መግቢያ ከማን ተማርካት?»

«የቷን ጋሼ?»

«አሁን የመታሃትን።»

«እሷማ የሁሉም ናት! ሀዋሳ እያለን የማይመታት ጊታሪስት አልነበረም። የድሮ ናት።»

«የድሮ ናት» አለ ሀቢሶ። «ድምፁስ? እንዲህ የሚሻክረው?»

«እሱ በፔዳል ነው። ይኸው፣ ስትረግጠው ይሻክራል፤ ስትለቀው ይጠራል። ሲፈልጉ ማጥፋት መቻሉ ነው ጥሩነቱ።»

«ጥሩ ነው» አለ ሀቢሶ። ቤት ሲደርስ ለኤርጎጌ «የእኔ አይጠፋም ነበር» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ኮሮና መጣ። መጀመሪያ ሰሞን ሽማግሌ ምሕረቱ ወረርሽኙ የአማኝን ደጅ እንደማይረግጥ ከመድረክ አወጀ። ወረርሽኙ ይህ አዋጅ አልደረሰውም መሰል፣ ደጁን ረገጠው፤ ሦስት መጋረጃ ነጋዴም ይዞ ሄደ። ቤተ ክርስቲያኗ ተዘጋች፤ ጉባኤው ወደ ስልክ ገባ። ይህን ጊዜ እዮኤል ሌላ ሥራ ጀመረ፤ ምእመናን ከአገር ቤት ያመጧቸውን የድሮ ስብከት ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር እየገለበጠ ለጉባኤው ይልክ ጀመር። አሠራሩ ቀላል ነው። ካሴት ሁሉ ሲጀምር ሰው ከመናገሩ በፊት ሽሽ የሚል ባዶ ድምፅ አለው። እዮኤል ያችን የመጀመሪያ ቁራጭ ለፕሮግራሙ ያሳየዋል፦ ጫጫታ ማለት ይህ ነው። ፕሮግራሙም ያንን የመሰለውን ሁሉ ከካሴቱ ጫፍ እስከ ጫፍ አድኖ ይጠርጋል፤ የሰው ድምፅ ብቻውን ጥርት ብሎ ይቀራል። ስንት ስብከት እንዲህ አጸዳ! ጆሮው ሰለቸ፤ በኋላ በኋላ መግቢያውን ማድመጥም ትቶት በዓይኑ ብቻ ይቆርጠው ነበር።

ሁለተኛው ማዕበል በገና ሰሞን ሲመጣ ሀቢሶ ሳለ። ኤርጎጌ ዝንጅብል አፈላች፤ ነጭ ሽንኩርት ወቀጠች፤ ጎረቤት ሁሉ በስልክ ሐኪም ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋው ተነስቶ መስኮቱ ጋ ለመድረስ ሲሞክር መሀል ላይ ቀረ። አምቡላንስ ወስዶ ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል አስገባው። ኤርጎጌ በየቀኑ ሾርባ ይዛ በሩ ድረስ ትሄዳለች፤ በየቀኑ ዘበኛው ከጭምብሉ በላይ እያዘነ ያያትና «ሃምባ ካሕሌ፣ ማማ» ይላታል፤ ደህና ሂጂ ማለቱ ነው። የምትሄድበት ቦታ ግን እዚያ ነበር።

አንድ ጠዋት ከሀቢሶ የድምፅ መልእክት መጣላት። በየቃሉ መሀል ኦክስጅኑ ይነፋል።

«ኤርጎ… ነገ ያስተኙኛል አሉ። በማሽን ሊያስተነፍሱኝ። ካስተኙኝ… እንጃ።» ነፋ፣ ነፋ። «ያቺ ካሴት አለች?… ላኪልኝ። ጊታሩን ልስማው። መግቢያውን ብቻ። መዝሙሩ ይቅር… ጊታሩን።»

ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ስለ ጊታሩ ሲያነሳ የመጀመሪያው ነው። ሰውዬው ፈውስ አልለመነ፣ አገሩ እንዲቀበር አልተናዘዘ፤ አንድ የተቀደደ ስፒከር ለመስማት እስከ ነገ ጊዜ አለው። ኤርጎጌ ካሴቷን በመሀረብ ጠቅልላ፣ ጭምብሏን አድርጋ፣ ታክሲ ይዛ ፎርድስበርግ ወረደች።

ፎርድስበርግ ላይ አብዱልሀፊዝ የሚባል የስልጤ ሰው የስልክና የሬዲዮ መጠገኛ አለው። ካሴቷን ሲያይ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ተቀበላት።

«እናቴ፣ ይህቺን ከየት አመጣሻት? አሁን እኮ ካሴት የሚይዝ ሰው ሙዚየም ነው።»

«ትናገራለች?»

«ክሯ ተጣብቋል። እዚህ ጋ ደግሞ ተበጥሷል። ቁጭ በይ፤ እንትናሽን ከፍ አድርጊ፣ ጭምብልሽን፤ ፖሊስ ይዞራል።»

ከፈታት፤ ክሩን እንደ ዐይን ሽፋን እየገለጠ አላቀቀ፤ የተበጠሰውን በቀጭን ፕላስተር አያያዘ፤ በእስክሪብቶ አጠነጠነ። ከዚያ አንድ ትልቅ አሮጌ ቴፕ አቧራውን ጠርጎ ሰካና ተጫነው።

ጊታሩ አገሳ።

ሱቁ ውስጥ የተደረደሩ የስልክ መስታወቶች ነዘሩ። አብዱልሀፊዝ «ስፒከሬ ተቀደደ!» ብሎ እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ፤ ኤርጎጌ እጁን ያዘችው።

«ያንተ አይደለም። የሱ ነው።»

«የሱ ተቀድዶ ነው የቀዳው?»

«አውቆ ነው።»

«ጤነኛ ነበር?» አለ አብዱልሀፊዝ፤ ፊቷን አይቶ ግን «ይቅርታ እናቴ» አለ። ኤርጎጌ ስልኳን ከጡቷ ሥር አወጣች፤ መቅጃውን ስትፈልግ መብራት ሄደ። ቴፑ እየተጎተተ፣ እየወፈረ ዝም አለ። መንገዱ ሁሉ ጨለመ፤ የየሱቁ ጄኔሬተር ሲነሳ የአብዱልሀፊዝ ግን ከነበረበት የለም፤ ተሰርቋል።

«መቼ ይመጣል?»

«የመብራት ኬብሉን ሰርቀው የወሰዱትን መጠየቅ ነው። በባትሪ የሚሠራ ማጫወቻ አለኝ፤ ማዞሪያ ላስቲኩ ተበጥሷል። ሁለት ቀን ስጪኝ፣ ወላሂ እሠራልሻለሁ።»

ሁለት ቀን! ያላት አንድ ቀን አይሞላም። የድሮ ካሴት ማጫወቻ ያለው፣ መብራት ቢሄድም ባትሪ ያለው፣ ከምታውቀው ሰው ሁሉ አንድ እዮኤል ነው። ደወለችለት።

አሁን ልብ በሉ፤ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ነው። ኤርጎጌ «ጊታር» የሚለውን ቃል ከቤተ ክርስቲያን ሰው ፊት ከሆሳዕና ወዲህ አውጥታ አታውቅም። ባሏ በዚያ ቃል ምክንያት በጉባኤ ፊት ሲቆም መዘምራኑ መሀል ቆማ አይታዋለች። ጊታር ካለች ጉዳዩ ሽማግሌዎች ዘንድ ይሄዳል፤ ሽማግሌ ማለት ምሕረቱ ነው፤ ምሕረቱ ማለት ድንች ቅርጫት ነው። እሑድ እሑድ ያ ሰው አንገቱን ሲነቀንቅ ታያለች፤ ቢሆንም አላመነችውም። እናም እንዲህ አለች፦

«ወንድም እዮኤል፣ ሀቢሶ ወጣት ሳለ የዘመረው መዝሙር ነው። ነገ ሳያስተኙት ይስማው። እንዳለ ላክለት።»

«ጋሽ ሀቢሶ ይዘምር ነበር?» አለ እዮኤል። «የት ነሽ? ራሴ እመጣለሁ።»

መጣም። መኪናው ውስጥ ካሴቷን ተቀብሎ «እህት ኤርጎጌ፣ ዛሬውኑ» አላት፤ ቃሉንም ጠበቀ። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት ደስ ባለን! ክፉን እንሰድበዋለን፣ እንረግመዋለን፣ ወረቀት አባዝተን ስሙን በየግድግዳው እንለጥፋለን። ደግ ሰው ተሳስቶ ሲገድልህ ምን ይደረጋል?

እዮኤል ቤቱ ገብቶ ካሴቷን ጎርሶ ለሚገለብጠው ማሽኑ ሰጠ። መግቢያው ሲጀምር ጆሮውን ከነከነውና ማዳመጫውን አወለቀ። «እንዴት ተጎድቷል!» አለ። ከዚያ እንደ ለመደው አደረገ። ከመጀመሪያው እስከ ሀቢሶ ድምፅ መግቢያ ድረስ ያለውን በዓይኑ ቆረጠና ለፕሮግራሙ አሳየ፦ ጫጫታ ማለት ይህ ነው። ፕሮግራሙም ታማኝ አገልጋይ ነው። ጊታሩን ከካሴቱ ጫፍ እስከ ጫፍ አሳደደው፤ ከግጥሙ መሀል፣ ከትንፋሹ ሥር፣ ከየስንኙ ጫፍ ለቀመው። ምሕረቱ ቤት ለቤት እየዞረ ስንት ቀን የፈጀበትን ሥራ ሻይ እስኪፈላ ጨረሰው። የቀረው የአንድ ጎረምሳ ድምፅ ነው፤ ብቻውን፣ እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ። እዮኤል ሰምቶት አለቀሰ።

ከሚዲያ ክፍሉ የሚወጣ ነገር ሁሉ በሽማግሌ ያልፋል፤ ደንብ ነው። ሽማግሌ ምሕረቱ ሰማው። ያ ድምፅ የማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ጎደለው ከዚያ ሁሉ ምእመን መሀል ሊያውቅ የሚችል አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር። «ጌታ ይመስገን፣ ንጹሕ ነው» አለ። «ግን እንዲሁ ባዶውን አይጀምርም። የመክፈቻ ጸሎት ያስፈልገዋል።» ጸሎቱንም ራሱ ቀድቶ ላከ። ጸሎቱ አጭር አልነበረም።

ፋይሉ ሀቢሶ ስልክ ላይ ሲደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። የክፍሉ ሲስተር ስልኩን ከጆሮው ጋ ይዛለት ሰማ፤ ይህን በኋላ እሷው ለኤርጎጌ ነገረቻት። ለኤርጎጌ የመጣላት መልእክት ይኸው ነው፦

«ኤርጎ… ድምፄ ነው። ልጅ ሆኜ።» ኦክስጅኑ ነፋ። «ጊታሩስ?» ነፋ። «ደግሞ ወሰዱት?»

ኤርጎጌ የዚያን ጊዜ ፋይሉን ከፈተች። ጸሎቱን ሰማች፤ ምሕረቱን ሰማች፤ ከዚያ ባሏን ሰማች፤ ምንም ነገር ከሥሩ አልነበረም። ለእዮኤል ደወለች። ሰላምታ አልሰጠችም።

«ጊታሩ የት አለ?»

«የቱ ጊታር፣ እህት ኤርጎጌ?»

«ከፊት ያለው! ከፊት የሚጮኸው!»

«እሱማ ጫጫታ ነው… ክሩ ተጎድቶ፣ እኔ ነኝ ያጸዳሁት…»

«ጫጫታ አይደለም! እሱ ነው! ሀቢሶ ማለት እሱ ነው! እንዳለ ላክለት አላልኩህም?»

እዮኤል ስልኩን ሳይዘጋ ያልጸዳውን ከፈተ፤ ኤርጎጌ በስልኩ ውስጥ ጊታሩ ሲያገሳ ሰማች። በሰው ቤት፣ በሰው ኮምፒውተር። ቀጥሎ እዮኤል «እንዴ» ሲል ሰማች። እንደገና አስጀመረው። «እንዴ፣ ይህቺ እኮ…» አላት፤ አልጨረሰውም። እሑድ እሑድ የሚመታት መግቢያ ናት። ከመምህሩ የተማራት፣ መምህሩ ከማን እንደ ተማራት የማያውቃት የሁሉም መግቢያ።

ያልጸዳውን ወዲያው ላከ። በሽማግሌም አላሳለፈም፤ የመጀመሪያው አመጹ ነው። ስልኩ ላይ መድረሱን የሚያሳዩት ሁለቱ ምልክቶች መጡ፤ ቀለማቸው ግን አልተለወጠም፤ አልተሰማም። ኤርጎጌ ሀቢሶ ስልክ ላይ ደወለች፤ ጠራ፣ ጠራ፤ ከዚያ ተዘጋ። በሆስፒታሉ ስልክ ሲስተሯ ስትገኝ ድምፅዋ የደከመ ነበር።

«ማማ፣ ነገ ብለን ነበር፤ ግን ኦክስጅኑ ወረደ። አስተኝተነዋል።»

«እባክሽ ስልኩን ከጆሮው ጋ አድርጊለት። አንድ ነገር ተልኮለታል። ትንሽ ነው።»

«ባትሪው አልቋል ማማ። ቻርጀር አላስገባሽለትም።»

በበነጋታው ቻርጀር ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ዘበኛው ቻርጀሩን ተቀበላት፤ ላስቲክ ውስጥ ከተተው፤ ስም ጻፈበት። «ይገባል» አላት። ይግባ አይግባ፣ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ የሀቢሶ ስልክ አልተነሳም፤ የመጣው ስልክ የሆስፒታሉ ነበር፤ ማረፉን ሊነግራት።

የእኛ ሰው እዚህ ሲሞት ሬሳው ይሸኛል፤ ጀፕ ሁሉ አዋጥቶ አገሩ ይልከዋል። በኮሮና የሞተ ግን አይሸኝም። ሀቢሶ የተቀበረው ከከተማዋ ዳር፣ ቀይ አፈር ላይ፣ ረጅም የክፍት ጉድጓድ ረድፍ ውስጥ በአንዱ ነው። እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ጥቂት ናቸው፤ የቀረው ጉባኤ በስልክ ይከታተላል። ሽማግሌ ምሕረቱ ከመጋረጃ ሱቁ ሆኖ ይመራል፤ እዮኤል ስልኩን በእንጨት ላይ አድርጎ ያሳያል። ነጭ ልብስ የለበሱ የቀብር ሠራተኞች ዳር ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ከበሩ ውጭ ሌላ የሬሳ መኪና ተራ ይጠብቃል።

አብዱልሀፊዝ መጣ። የታጠረውን ሽቦ አልፎ፣ ጭምብሉ አገጩ ላይ ወርዶ፣ በባትሪ የሚሠራውን ማጫወቻ በክንዱ ታቅፎ። «ሠራሁት እናቴ» አላት። 

«አሁን የወንድማችንን ንጹሕ መዝሙር እንሰማለን» አለ ምሕረቱ ከስልኩ ውስጥ።

ኤርጎጌ እዮኤልን አየችው። እዮኤል ካሴቷን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ማጫወቻውን የተቆለለው አፈር ላይ አስቀመጠች፤ ካሴቷን አገባች፤ ተጫነችው።

ጊታሩ አገሳ። ከረድፉ ጫፍ ላይ ያሉ ሐዘንተኞች ዞሩ። ከሽቦው ላይ ወፎች ተነሱ።

በስልኩ ውስጥ ግን ዝም አለ። ለካ እነዚህ የስብሰባ መተግበሪያዎች ከሰው ድምፅ ሌላ የሆነውን እንደ ጫጫታ እየቆጠሩ በራሳቸው ያጠፉታል፤ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ለሁሉም ጥቅም ሲባል። ጉባኤው ከየቤቱ ያየው አንዲት ሴት ዕቃ ላይ ጎንበስ ብላ ስታለቅስ ብቻ ነው። ከሥር ጽሑፉ ይወርድ ጀመር፦ «ድምፅ የለም»፣ «ኦዲዮ ጠፋ ወገኖች»፣ «ሃሌሉያ፣ ግን ድምፅ የለም»።

«ወንድም እዮኤል» አለ ምሕረቱ፣ «አይሰማም፤ አስተካክል።»

እዮኤል ጎንበስ ብሎ ስልኩን ነካካ። ማስተካከያውን ከፈተ፤ ሌላ ገጽ አወጣለት፤ ያንን ከፈተ፤ ሌላ።  ይህን ሁሉ ዘመን ሲያጠፋ የኖረ ሰው ማብሪያው የት እንደ ሆነ አላገኘውም።

ከነጭ ለባሾቹ አንዱ ወደ ኤርጎጌ ጠጋ አለ። ለእሷ አዝኖ ነው፤ በዚያ ልብስ ውስጥ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው።

«ማማ» አላት፣ «ስፒከርሽ ተበላሽቷል።»

«አዎ» አለችው። «ተወው።»

ሰውዬው ተወው። ሰዓቱን አየ፤ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ አካፋዎቹ ተነሱ። ምሕረቱ ድምፅ እንደማይመጣ ሲያይ «እንግዲያውስ በጸሎት እንዝጋ» አለና ጀመረ። ያ በደንብ ይሰማ ነበር። የሀቢሶ ድምፅ ከጊታሩ ሥር ገና ሊወጣ ሲል ከበር ውጭ ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ፤ ኤርጎጌም ማጫወቻው አፈር ሳይለብስ ታቅፋው ተነሳች።